ለሁለት ጌቶች የተገዛ ጫማ

በአልፕስ ተራሮች፣ በገመድ ስቦ የሚያወጣ መኪና በሌለበት ምድረ በዳ፣ ስኪው (በበረዶ ላይ መንሸራተቻው ጣውላ) ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ቁርበት ከሥሩ ለጥፎ በገዛ ጕልበቱ ዐቀበቱን የሚያያዝ ሰው፣ ሲወጣ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ልቡ እንዲታጠፍለት፣ ከተራራው ራስ ላይ ደርሶ ቁልቁል ሲምዘገዘግ ደግሞ ያው ቁርጭምጭሚት ከባቱ ጋራ ጸንቶ እንዲያዝለት ይሻልና፣ የዚህ መንገደኛ ጫማ ከጥንት ጀምሮ ለሁለት ጌቶች ሲገዛ የኖረ አገልጋይ ነው። ታሪኩም አንዱን ጌታ ደስ ባሰኘ ቍጥር ሌላውን ሲያስቀይም የኖረበት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመናዊው ቪልሄልም ፓውልከ ከጓደኞቹ ጋራ በ1897 በስዊስ አገር የሚገኘውን የበርን ኦበርላንድ የበረዶ ግግር በስኪ ባቋረጠበት ዘመን፣ ጌታው ዐቀበቱ ነበረ። ጫማው ከወፍራም ቆዳ ተሰፍቶ በክር የሚጠፈር፣ ሶሉም በብረት ምስማር የተመታ የተራራ ጫማ ስለ ነበረ፣ ለሚወጣ እግር ለዘብ ብሎ ይታዘዛል፤ በቁልቁለት ግን የእግርን ፈቃድ ለስኪው ሳያደርስ በመንገድ ያስቀረዋል፤ በዚያም ላይ ቆዳው ርጥበት ይጠጣል፣ ምስማሩም ውርጩን ወደ ውስጥ ይስባል።

የሶሉን ነገር የለወጠው መከራ ነው። በ1935 በኢጣልያ አልፕስ ፑንታ ራሲካ በተባለው ተራራ ስድስት ተራራ ወጪዎች በዐውሎ ተይዘው ሲሞቱ፣ ለዓለቱ ብለው ያደረጉት ስስ ጫማ ከበረዶውና ከውርጩ ሊያድናቸው አልቻለም። ኀዘኑ ከልቡ ያልወጣለት የሚላኖው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ፣ የጎማ ፋብሪካው ፒሬሊ እየረዳው፣ ዓለቱንም በረዶውንም ቈንጥጦ የሚይዝ ባለ ጥልቅ ጥርስ የጎማ ሶል በ1937 አወጣ፤ ቪብራም የተባለው ይህ ሶልም ውሎ አድሮ ምስማሩን ከተራራ አሰናበተው።

ቁልቁለቱ የሠለጠነው ግን ፕላስቲክ በመጣ ጊዜ ነው። በ1950ዎቹ ሄንከ የተባለው የስዊስ ፋብሪካ የጫማውን ክር በብረት ዘለበት ተካ፤ በ1960ዎቹም አሜሪካዊው ቦብ ላንጌ ቆዳውን ትቶ ጫማውን በፕላስቲክ ቀፎ ሠራው። በሰሜን ምሥራቅ ኢጣልያ በሞንቴሎ ኮረብታ ሥር ያለችው ሞንቴቤሉና፣ ለእንጨት ቈራጭና ለገበሬ ጫማ ስትሰፋ የኖረች ከተማ ስትሆን፣ ወስፌዋን አስቀምጣ የቀለጠ ፕላስቲክ በቅርጽ ማፍሰስን ተማረች፤ እስከ ዛሬም በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። ቀፎው የቁልቁለቱን ሰው እጅግ ደስ ሲያሰኝ፣ ባቱ እንደ እስረኛ ተጠርንፎ ዐቀበት የሚወጣውን ግን አስጨነቀው፤ ስለዚህ ጠበብቱ የቀፎውን የላይኛ ክፍል በማጠፊያ አያይዘው፣ ሲወጡ የሚፈታ ሲወርዱ የሚቈለፍ ዘንግ ከኋላው አበጁለት።

ሁለቱን ጌቶች ከሁሉ ይልቅ ያቀራረበው የቲሮሉ ኦስትሪያዊ ፍሪትዝ ባርተል ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከባድ ዕቃ እየጐተተ ሞንት ብላንክን ከወጣበት ጻማ በኋላ፣ የፕላስቲኩ ጫማ ራሱ ግትር ከሆነ ከሥሩ ሌላ የብረት መደብ ማንገሥ ትርፍ ሸክም መሆኑን አስተዋለ፤ በጫማው አፍንጫ ግራና ቀኝ እንዲሁም በተረከዙ ትንንሽ የብረት ሶኬቶች ተቀብረው፣ ከስኪው የሚነሡ ችንካሮች እንዲገቡባቸው አደረገ። ዳይናፊት የተባለው ድርጅት ተቀብሎ ያስፋፋው ይህ ጥበብ ዛሬ የመንገዱ ሥርዐት ሆኗል።

ይህን ታሪክ ያወቀ ገዢ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የትኛውን ጌታ አብልጦ እንደሚያገለግል ይወስን፤ ለእሽቅድምድም የሚሠራው ጫማ አንዱ እግር ከ1 ኪሎ በታች ሲመዝን፣ ለብርቱ ቁልቁለት የሚሠራው ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይጠጋልና። ቀጥሎ በቀፎው ውስጥ ያለውን ለስላሳ ገበር አውጥቶ እግሩን ባዶው ቀፎ ውስጥ ያግባ፤ ጣቶቹ የፊቱን ግድግዳ ነክተው ከተረከዙ ኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ጣት የሚገባበት ክፍተት ቢቀር ልኩ ነው፤ ሦስት ጣት ከገባ ግን ሰፍቶታል። ገበሩ በሙቀት ለስልሶ የእግርን ቅርጽ ሊይዝ ይችላል፤ ቀፎው ግን ከሰፋ በኋላ ማጥበቢያ የለውም። በመጨረሻም ገበሩን መልሶ፣ ዘንጉን ፈትቶ ይራመድ፤ ተረከዙ ከመቀመጫው ብድግ ካለ፣ ያው ተረከዝ ከተራራው እኩሌታ ሳይደርስ ይላጣል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ተረከዝ የሚልጥ ቀላል ጫማ በተራራ ላይ ከከባዱ ይልቅ ይከብዳልና፣ ዋጋውንና ሚዛኑን ከመመርመርህ በፊት ልኩን መርምር።