ኪስ የሚገባው ሰባት ጎራሽ

ወዳጆቼ፣ የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲነሳ ሁሉም ስለ ትልልቁ ነው የሚጠይቀኝ። ዛሬ ስለ ትንሹ ልጻፍ።

ስሚዝ እና ዌሰን በ1857 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) ኪስ የሚገባ ሰባት ጎራሽ ሽጉጥ አወጡ። እርሳሱ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ያኔ የኮልት ሽጉጥ ባሩዱ፣ እርሳሱና መለኮሻው ለየብቻ ነበር የሚገባው፤ እርጥበት ካገኘው ላይተኩስም ይችላል። የአዲሱ ጥይት ግን ሁሉንም በአንድ የመዳብ ቀለህ ይዟል። መለኮሻው ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ መቺው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ይተኩሳል። ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው፦ እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን አለበት፣ ስስ ከሆነ ደግሞ ብዙ ባሩድ አይችልም። ማርክ ትዌይን በ1861 ወደ ኔቫዳ ሲጓዝ ይህንኑ ይዞ ነበር፤ በኋላ በጥይቱ ማነስ ክፉኛ ቀልዶበታል።

ሆኖም የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ፣ መንግሥት ሳያድላቸው ወታደሮች በገዛ ገንዘባቸው እየገዙት ዘመቱ። አልፈርድባቸውም። ጨለማ ውስጥ፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ባሩድ ከመስፈር ደካማዋ ጥይት ትሻላለች። ደግሞ ፀረ ተሕዋስያን በሌለበት ዘመን ሆድ ላይ ያረፈች ትንሽ እርሳስም ቀስ ብላ ትገድላለች።

ለምን ሌላው ፋብሪካ ትልቁን አልሠራም? ከኋላ የሚጎርሰው ከበሮ ፓተንት የሮሊን ኋይት ስለነበረ ነው። በሽጉጥ 25 ሳንቲም ይከፈለዋል፤ የፍርድ ቤቱን ሙግት ግን በራሱ ወጪ እንዲችል አስፈርመውታል (ብልጦች!)። ፓተንቱ በ1869 ሲያበቃ ይራዘምልኝ ብሎ ኮንግረሱን አሳመነ። በ1870 ውድቅ ያደረጉበት ፕሬዚዳንት ግራንት ናቸው፤ በጦርነቱ የሰሜኑን ጦር የመሩት ጄኔራል።