መቁጠሪያችን በሮማ

ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ስለ ትልልቅ ጉዳዮች የሚጽፉ አይጠፉምና፥ እኛ በአንገትና በእጅ ስለምትያዘው ስለ ትንሿ መቁጠሪያ ታሪክ ጥቂት እንላለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እዚህ በለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መቁጠሪያ ክርና ፍሬ ከመሆኑ በፊት ጠጠር ነበር። ጳላድዮስ በ420 ገደማ በጻፈው የመነኮሳት ታሪክ፥ በግብፅ በረሃ ፈርሜ በተባለ ተራራ ስለሚኖር ጳውሎስ ስለሚባል መነኩሴ ይተርካል። በቀን 300 ጸሎት ያደርስ ነበርና 300 ጠጠር በጉያው ይዞ፥ አንድ በጸለየ ቁጥር አንድ ይጥላል። ጠጠር ግን ለመንገደኛ አይመችም፤ እኛም መንገደኞች ነን።

በእኛ ዘንድ ቁጥሩ ይቀድማል፥ ፍሬው ይከተላል። በምሕላ እግዚኦታው 41 ጊዜ ይደገማል፤ 64 እመቤታችን በዚህ ዓለም የኖረችበት ዕድሜ ነው፤ በ12 የሚቆጠርም አለ። ሠሪው ከወይራ ይቅረጸው ወይም ከዘር ፍሬ ይሰካው፥ አንዲት ፍሬ ከጎደለች ጌጥ እንጂ መቁጠሪያ አይባልም። የሙስሊም ወገኖቻችን ሙስበሃም እንዲሁ በ99 ወይም ሦስት ጊዜ በሚዞር 33 የተወሰነ ነው።

ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ብዙ ሳይርቅ በቪያ ናሲዮናሌ ያለውን የአሜሪካኖቹን የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሥሩ ባለው የስደተኞች ማዕከል ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን የአንግሊካኖች ወገን ናት። በእንግሊዝ በ1538፥ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በወጣ ትእዛዝ፥ ፍሬ እየቆጠሩ መጸለይ ከአጉል እምነት ተቆጠረ፤ መቁጠሪያውም ከእጃቸው ወጣ። ከአራት መቶ አርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1980ዎቹ አጋማሽ፥ በቴክሳስ ቄስ ሊን ባውማንና አብረዋቸው የሚጸልዩ ሰዎች ተቀምጠው አዲስ ነደፉ። ሰባት ሰባት ፍሬ ያላቸው አራት «ሳምንታት»፥ በመካከላቸው በመስቀል ቅርጽ የሚቆሙ አራት ትልልቅ ፍሬዎች፥ መግቢያ ላይ አንዲት፤ ድምሩ 33፥ የጌታ ዕድሜ። ንድፉ ያማረ ነው። ቢሆንም አባት ለልጅ ያላወረሰውን ቁጥር በስብሰባ ማውጣት ነበረባቸው።

እኛን የገጠመን ግን ሌላ ነው፤ ቁጥሩ አለን፥ ፍሬው የለንም። በኦገስት 2017 በቪያ ኩርታቶኔ ከነበረው ሕንፃ የተባረሩት ወገኖቻችን በአደባባዩ ሣር ላይ ሲያድሩ ሰንብተው በ24ኛው ቀን በውኃ መድፍ ተበተኑ። እንዲህ ባለ ቀን ዕቃ ወደ ኋላ ይቀራል፥ በአንገት ያለው አብሮ ይሄዳል። ክሩ ሲበጠስስ በምን ይተካል? ቦርጎ ፒዮ ሱቁ ሁሉ ሮዛሪዮ ነው፤ ባለ 41 ብትጠይቁት ግን ነጋዴው ትከሻውን ይነቀንቃል።

እናቶቻችን መላ አግኝተውለታል። የአንድ ሮዛሪዮ ፍሬ 59 ነው፤ ብዙውን ጊዜ 53ቱ ትንንሽ፥ 6ቱ ትልልቅ ናቸው። ሁለት ሮዛሪዮ ሲፈታ 106 ትንንሽና 12 ትልልቅ ይገኛል። ከትንንሾቹ ባለ 64 እና ባለ 41 ይወጣሉ፤ ትልልቆቹ ራሳቸውን ችለው ባለ 12 ይሆናሉ። የምትተርፈው አንዲት ፍሬ ብቻ ናት! (ካቶሊክ ወገኖቻችን ቅር እንዳይላቸው፥ የምንፈታው ያልተባረከውን ነው።) በሽቦ የተያያዘውን አትግዙ፥ በፒንሳ ሲፈቱት እጅ ያቆስላል፤ በክር የተሰካውን ፈልጉ። መልሳችሁ ስትሰኩ ናይለን ክር ይሻላል፥ ጥጥ በላብ ይበሰብሳል። ከመቋጠራችሁ በፊት አንድ ፍሬ የሚያህል ክፍት ቦታ ተዉ፤ ያለዚያ ፍሬው ተጨናንቆ በጣት አይንሸራተትም።

ልጆቻችን ሲሰኩ የሚቆጥሩት በጣሊያንኛ ነው፤ «ኳራንቱኖ» ብለው ያቆማሉ። ይሁን፥ 41 ነው። የተረፈችውን ፍሬ ለመተኪያ በክብሪት ቤት አስቀምጧት።