የሬዲዮ ሞገድ የፕላኔትን ከባቢ አየር እንዴት ይለካል?

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ሰፈር ስያሜ፣ ድምፅን በአየር የሚያደርሰውን ሽቦ አልባ ስልክ ያስታውሳል። የሬዲዮ ሞገድ ግን መልእክት ከማድረስ ባሻገር ያለፈበትን አየር ጠባይም ይገልጣል።

በሐምሌ 1957 ዓ.ም. የአሜሪካ መንኮራኩር ማሪነር 4 በማርስ ጀርባ ስትሰወር፣ ወደ ምድር የምትልከው ሞገድ በፕላኔቷ ከባቢ አየር ውስጥ አልፎ ጎበጠ፤ ድግግሞሹም በጥቂቱ ተለወጠ። ተመራማሪዎች ከዚህ ለውጥ ተነሥተው የማርስ የአየር ግፊት በምድር ገጽ ካለው አንድ በመቶውን እንኳ እንደማይሞላ አሰሉ። ቀድሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል ተብሎ ይገመት ነበር። በዚህም በፓራሹት ብቻ ማርስ ላይ ማረፍ እንደማይቻል ታወቀ።

ስልቱ ዛሬ ለምድርም ያገለግላል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የመጠቁት ስድስቱ የኮስሚክ-2 ሳተላይቶች ከጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚመጣው ሞገድ በምድር አየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ይለካሉ። ከዚህም የአየሩ ሙቀት፣ ግፊትና እርጥበት በየከፍታው ይሰላል። ምሕዋራቸው በምድር ወገብ ዙሪያ በመሆኑ የኢትዮጵያን ሰማይ ይሸፍናሉ። የአየር መለኪያ ፊኛ የሚለቁ ጣቢያዎች ጥቂት በሆኑበት አህጉር መረጃው የትንበያን ክፍተት ይሞላል፤ ዝናብ ጠብቆ ለሚዘራ አርሶ አደርም ፋይዳው የጎላ ነው።