ጠመንጃውን ወደድን፣ ቀጥቃጩን ናቅን

ስለ ጠመንጃ ብዙ የምናወራ ሰዎች ነን። ፉከራው፣ ሽለላው፣ የአደን ወጉ ሁሉ ያለ ጠመንጃ አይደምቅም። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የድሮው ጠመንጃ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። ተኳሹ ባሩዱን ለክቶ ከላይ ይጨምራል፣ የእርሳስ ጥይቱን ያስከትላል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል፣ ከዚያ ያነጣጥራል። አዳኝ ከሳተ አውሬው አመለጠው፤ ወታደር ከሳተ ባለጦሩ ደረሰበት። በ1533 ዓ.ም. ምጽዋ የወረዱት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የያዙት እንዲህ ያለ ነፍጥ ነው። ኢማም አሕመድ ከቱርኮች ያገኙትም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ ከ300 ዓመት በላይ መኳንንቱ ነፍጥ የሚያገኙት ከባሕር ማዶ ነበር። ባሩድ አገር ውስጥ ይቀመማል፣ የተሰበረም ይጠገናል። ጠመንጃውን ራሱን ከብረት አውጥቶ መሥራት ግን ሥር አልያዘም።

ብረት አጥተን ነው እንዳንል፣ ማረሻና ጦር የሚሠራ ሰው በየአገሩ ነበር። ያን ሰው ግን «ቡዳ» ብለን ከማዕድ አራቅነው፣ ልጃችንን ከለከልነው። በኦሮሞም ዘንድ ጡምቱው ከንቀት አላመለጠም። የተናቀ ሙያ ደግሞ አያድግም፤ ጎበዝ ልጅ አይገባበትም፣ ባለሀብትም ገንዘቡን አያወጣበትም።

ችግሩ የገባቸው አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ተልከው የመጡትን የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ አሠሯቸው። በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተም መቅደላ ደረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የንጉሡ ሠራዊት አሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ገጠመ። የእኛ ሰው በአፈሙዝ እያጎረሰ ሲተኩስ፣ እንግሊዙ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ሰናድር የምንለው ያንኑ ነው። አንዱ ዘንጉን ሳያወጣ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ከእኛ ወደ 700 ሰው ሲያልቅ ከእነሱ የሞተው 2 ብቻ ነው።

ከ18 ዓመት በኋላ፣ ከሶደሬ አዋሽን ተሻግሮ ባለው የአርሲ ምድር፣ ተራው የሌላው ሆነ። አዙሌ ላይ ጦር የያዘው የአርሲ ፈረሰኛ በራስ ዳርጌ ነፍጥ ፊት ረገፈ። «ነፍጠኛ» በሚለው ቃል ዛሬም እንጣላለን። ነፍጡን ግን ያሸነፈውም አልሠራውም፣ የተሸነፈውም አልሠራውም። ዓድዋ ላይ የተተኮሰውም በአብዛኛው ከውጭ የተገዛ ነበር።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ስድቡን ከልክሏል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ቀይሮ ቀጥሏል። ልጁ ቴክኒክና ሙያ ሲገባ «ውጤት አልመጣለትም» ብሎ የሚያዝን ወላጅ፣ በየድርጅቱ ከመሐንዲሱ እኩል ቡና የማይጋበዝ በያጅ፣ የዚያው ታሪክ ቅጥያ ናቸው።

ማሽን ለመግዛት ዶላር አጣን እያልን በምናማርርበት በዚህ ጊዜ፣ ጥያቄው ምንዛሪው ብቻ አይደለም። ማሽኑን የሚሠራውን ሰው በቤታችን ምን ብለን ነው የምንጠራው?