የጦርነት ዜና የአረቦችን ምስል እንዴት ቀረጸ?

አረብ የሚለው መጠሪያ በዋናነት ከአረብኛ ቋንቋና ባሕል ጋር የተሳሰረ እንጂ የሃይማኖት ስም አይደለም። በሶሪያ፣ በሊባኖስና በፍልስጤም እጅግ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ያሏቸው አረቦች ይኖራሉ። በአንጻሩ ኢራናውያንና ቱርኮች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ቢኾኑም አረቦች አይደሉም። ይህ ልዩነት በጦርነት ጊዜ ዜና ውስጥ በቀላሉ ይደበዝዛል። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጀምሮ በአሜሪካ የታየው ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢራቅ ነሐሴ 2 ቀን 1990 ኩዌትን ወረረች። በጥቅምት 10 ናይራ በሚል ስም ብቻ የተዋወቀች የ15 ዓመት ልጅ በአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት ቀርባ ምስክርነት ሰጠች። የኢራቅ ወታደሮች ሆስፒታል ገብተው ጨቅላ ሕፃናትን ከማሞቂያ መሣሪያ እያወጡ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሲጥሏቸው ማየቷን በእንባ ተናገረች። ታሪኩ በቴሌቪዥን ተሠራጨ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም ደጋግመው ጠቀሱት። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በጥር 1992፣ ልጅቱ በዋሽንግተን የኩዌት አምባሳደር ልጅ መኾኗ ይፋ ኾነ። ምስክርነቱን ያቀነባበረው ሂል ኤንድ ኖውልተን የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር። በኋላ የተደረጉ ማጣራቶችም ለታሪኩ ማረጋገጫ አላገኙም።

የኢራቅ ጦር በኩዌት መግደሉ፣ ማሠቃየቱና መዝረፉ እውነት ነው፤ ለመወንጀል ፈጠራ አያስፈልግም ነበር። ፈጠራው የጨመረው ነገር ቢኖር፣ ጥፋቱ የአንድ አምባገነን ሠራዊት መኾኑ ቀርቶ ርኅራኄ ያልፈጠረበት ሕዝብ ጠባይ እንዲመስል ማድረጉን ነው።

ጥር 17 ቀን 1991 የአየር ድብደባው ሲጀመር ጋዜጠኞች በአብዛኛው በወታደራዊ አጃቢ በቡድን ተከፍለው ይጓዙ ነበር። ተመልካቹ ዘንድ የደረሰው ምስል ከአውሮፕላን የተቀረጸ፣ ቦምብ ሕንጻን ነጥሎ ሲመታ የሚያሳይ ነበር። ኾኖም በጦርነቱ ከተጣለው ቦምብ ኢላማውን እየተመራ የሚመታው ከአንድ ዐሥረኛ በታች ነው። ከላይ ሲታይ ደግሞ ሰው አይታይም። በየካቲት 13 ባግዳድ ውስጥ የሚገኘው የአሚሪያ መጠለያ ተመትቶ ከ400 በላይ ሰላማዊ ሰዎች ሲሞቱ ግን የአስከሬኖቹ ምስል ያንን ንጹሕ ትርዒት ለጥቂት ቀናት አወከው።

ለዚህ ሁሉ መሬቱን ቀድሞ ያለሰለሰው ፊልም ነው። ከሊባኖስ ቤተሰብ በአሜሪካ የተወለዱት ምሁር ጃክ ሻሂን ከ900 በላይ ፊልሞችን መርምረው በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አረብ በአብዛኛው የሚቀርበው በአሸባሪነት፣ በስስታም የነዳጅ ከበርቴነት ወይም በሴት ጨቋኝነት መኾኑን አሳይተዋል። ለልጆች የተሠራው የ1992ቱ "አላዲን" ሳይቀር በመክፈቻ ዘፈኑ ጆሮ የሚቆረጥበትን አገር ይገልጽ ነበር፤ ስንኙ የተቀየረው የአረብ አሜሪካውያን ተቃውሞ ከበረታ በኋላ በ1993 ነው።

በኢትዮጵያ ብዙ ቤተሰብ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሠርቶ የተመለሰ ዘመድ ስላለው፣ ክፉውንም ደጉንም ከኖረበት ሰው አፍ ይሰማል። አረብ ጎረቤት ኖሮት የማያውቅ አሜሪካዊ ግን የሚያውቀው ማያ ገጹ ያሳየውን ነው።

ውጤቱ በሚያዝያ 19 ቀን 1995 ታየ። በኦክላሆማ ከተማ 168 ሰዎችን የገደለው ፍንዳታ እንደተሰማ፣ በቴሌቪዥን የቀረቡ ተንታኞች ጣታቸውን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ቀሰሩ። ወደ ዮርዳኖስ ይጓዝ የነበረ አንድ የከተማዋ ነዋሪ ለንደን ላይ ተይዞ ለምርመራ ተመለሰ፤ ጥፋት ግን አልተገኘበትም። ፈንጂውን ያፈነዳው ቲሞቲ ማክቬይ አሜሪካዊ፣ ያውም በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተዋጋ ወታደር ነበር።

ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ጥላቻው ወደ ጎዳና ወጣ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ በ2000 የመዘገባቸው ሙስሊሞችን ያነጣጠሩ የጥላቻ ወንጀሎች 28 ሲኾኑ፣ በ2001 ቁጥሩ 481 ደረሰ። ከጥቃቱ አራት ቀን በኋላ በአሪዞና ግዛት ሜሳ ከተማ፣ በነዳጅ ማደያው ደጃፍ የተገደለው ሰው ጥምጣም የሚያስር ሕንዳዊ ሲክ ነበር፤ አረብም ሙስሊምም አልነበረም።