ግማሽ ባለቤት፣ ግማሽ ተከራይ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ትላለች፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቧት።

እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ እዚህ ሰው የቤቱን ሩብ ይገዛና ለቀረው ኪራይ እየከፈለ ይኖርበታል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ ያውቃል?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ ስላለኝ መልሱን ለሁላችሁም ላድርገው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የእነሱን። ነገሩ በእንግሊዝ በሕግ የተደላደለው እንደ ፈረንጆቹ በ1980 ነው። ገዢው ከቤቱ ዋጋ ከ25 እስከ 75 በመቶውን ብዙ ጊዜ በባንክ ብድር ይገዛል፤ ለቀረው ድርሻ ለቤቶች ማኅበሩ በየወሩ ኪራይ ይከፍላል። እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ድርሻውን እየጨመረ ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት ዝቅተኛው ድርሻ ወደ 10 በመቶ ወርዷል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሩቡን ብቻ የገዛው ሰው የጥገናውን ወጪ የሚሸፍነው ሙሉ በሙሉ ነበር። ይህችን የጥገና ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወደኛ ስንመጣ፣ በዚያ ስም የሚጠራ ነገር የለንም። እኔ ግን ከ1967 ወዲህ ከተማ ውስጥ ቤት አለኝ የሚል ኢትዮጵያዊ ሁሉ ግማሽ ባለቤት፣ ግማሽ ተከራይ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃዬ ደግሞ የትም ሳትሄዱ አያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ አለ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሆነው አንድ ቤት ይቀርለታል፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለው "ትርፍ ቤት" ተብሎ ተወረሰ። ይህ ለአዲስ አበባ ባላባት ብቻ የታወጀ አይደለም፤ ነቀምትንም ይመለከታል፣ ሌሎቹን የወለጋ ከተሞችም።

በዓመቱ፣ በ1968፣ አዋጅ ቁጥር 80 መጣ። እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር የምወደው ይሄኛውን ነው፤ ስሙ ብቻውን ታሪክ ይናገራላ! "የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ" ይባላል። አያችሁት? ለቤቱ ግብር፣ ለቦታው ኪራይ። ሰው ግብር የሚከፍለው ለራሱ ንብረት ነው፤ ኪራይ የሚከፍለው ለሌላ ሰው ንብረት ነው። ግድግዳውና ቆርቆሮው የአባወራው፣ ከሥር ያለው አፈር የመንግሥት። አንድ ሰው፣ አንድ ግቢ፣ ሁለት ዓይነት ክፍያ።

የተወረሱት ቤቶችስ? ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። የትንንሾቹ ቤቶች ኪራይ እስከ ግማሽ ወረደ። ለድሃው እፎይታ ነበር፤ ይሄን መካድ አይገባም። ግን ኪራዩ እዚያው ረግቶ ቀረና ቀበሌው ጣሪያ የሚቀይርበት ገንዘብ አጣ። የእኛን አገር ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ወለጋ ላይ ዝናብ ቀልድ አያውቅም። ጭቃ ቤት ያለ ጥገና ስንት ክረምት ይችላል? ስለዚህ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ቆርቆሮ ገዛ፣ ግድግዳ መረገ፣ አንዳንዱም ጓሮው ውስጥ ክፍል ቀጠለ። ልጆቹን እዚያው ወልዶ አሳደገ፣ ዳረ። ወረቀቱ ላይ ተከራይ፣ ወጪው ላይ ባለቤት። እንግሊዙ ቢያንስ ለሚጠግነው ቤት ሩብ ድርሻ አለው፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪው ለአርባ ዓመት የጠገነው ቤት ለልማት ሲፈርስ "የኔ ነው" ማለት አይችልም።

ደርግ ሲሄድ የመሬቱ ነገር አልተለወጠም፤ በ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተባለ። የተለወጠው አከፋፈሉ ነው። ሊዝ በ1986 መጣ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ጨረታ ያሸነፈ ሰው ከጠቅላላ ዋጋው ቢያንስ 10 በመቶ ቀድሞ ይከፍላል፣ ቀሪውን ከነወለዱ በየዓመቱ። ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ከተማሪዬ ጥያቄ ጋር የሚመሳሰለው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ብትከፍል ብትከፍል የመሬቱ ድርሻ ወደ አንተ አይዞርም።

"ኮንዶሚኒየሙስ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። 20/80 ሲባል ድርሻ ይመስላል፣ ግን ድርሻ አይደለም። 20ው ቅድሚያ ክፍያ፣ 80ው የንግድ ባንክ ብድር ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ወርሃዊውን መክፈል ሲያቅተው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ቤት የሚከራይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ባለቤትም ተከራይም፣ በአንድ ጊዜ! ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በ2005 አዲስ አበባ ላይ የተመዘገበው ነው። ለባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር ይቆጥባል፣ ኪራዩንም ይከፍላል፣ ዕጣው ሳይወጣ ዓመታት ያልፋሉ፣ በመሀል የቤቱ ዋጋ ይጨምራል። እንግሊዙ ሩቡን በከፈለ ቀን ቁልፍ ይቀበላል፤ የእኛው ቆጣቢ በገንዘቡ የአንድ ጡብ ባለቤት እንኳን ሳይሆን ይጠብቃል።

ሌላም የተረሳ ባለድርሻ አለ፤ ገበሬው። በየካቲት 2011 የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ተቃውሞ የተነሳው ለምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ቤቱ ለዕድለኛ፣ ብድሩ ለባንክ፣ መሬቱ ለመንግሥት ተብሎ ሲከፋፈል እዚያ ያርስ የነበረው ሰው በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

እኔም እዚህ ጉቴ ተከራይ ነኝ፤ በመምህር ደመወዝ ሌላ ምን ልሆን። የ2016ቱ የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ እንዲሆን ይላል፤ የት የት ከተማ እንደሚሠራ የሚወስነው ግን ክልሉ ነው። የእንግሊዙ ዓይነት እኛ ጋ ቢመጣ፣ ሩብ ድርሻ ገዝቶ ወዲያው መግባት ለመምህርና ለነርስ የሚጠላ አይመስለኝም። እኔ ግን ከመፈረሜ በፊት የቀረውን ሦስት ሩብ ማን እንደያዘው እጠይቃለሁ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ማን መሰላል ይዞ እንደሚመጣም።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ይሄ ነው። አሁን የናንተ ተራ፦ ነቀምት፣ ጉቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ፣ የአያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ የድሮ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝ ወይም የቀበሌ ቤት የኪራይ ካርኒ ካለ ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስሙን ሸፍኑት። ለሚቀጥለው ሴሚስተር የታሪክ ክፍለ ጊዜ እፈልገዋለሁ።