ከወረታ መገንጠያ ሽቅብ፤ የሞተር ትንፋሽ ታሪክ በፎገራ

ወረታ መገንጠያ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት እዚህ ላይ ወደ ምሥራቅ ይከፈልና በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ ይወርዳል፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስትገኝ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ለጥ ባለው የፎገራ ሜዳ ድካሙን ደብቆ የመጣ ሞተር ዳገቱ ላይ ጉዱ ይወጣል። አየሩ እየሳሳ፣ ጭነቱ እየከበደ ሲሄድ የዘይት ሽታ ጋቢና ድረስ ይገባል።

በዚህ አገር ከባድ ጭነት በመንኮራኩር ላይ የተጓዘው ሞተር ከመምጣቱ በፊት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ፣ ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጉዞ ጀመረ። ፊት ፊቱ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የገባው መጋቢት ላይ ነው። ዛሬ ሲኖትራክ በአንድ ቀን የሚጨርሰው አቅጣጫ ያን ጊዜ ግማሽ ዓመት ፈጀ።

ካሚዮን በብዛት የመጣው ከወራሪ ጋር ነበር። የኢጣሊያዊው አዛዥ የስታራቼ ባለሞተር ጦር ከአሥመራ ተነሥቶ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ በተከታዩ ሚያዝያ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ተያዙ። የዚያ ዘመን ሞተር ትንፋሹን የሚያወጣበት መንገድ ቀላል ነበር። ፒስቶን ምንም ያህል በፋሻ፣ ማለትም በብረት ቀለበት፣ ቢታሠር ነዳጁ ሲነድ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ቋት ይወርዳል። እዚያ ሲታመቅ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። መሐንዲሶቹ ከሞተሩ ጎን አንድ ቱቦ ወደ መሬት አወረዱለት፤ መኪናው ሲሮጥ ከሥር የሚያልፈው ነፋስ ጋዙን ከቱቦው አፍ ይስበዋል። መኪናው ሲያዘግም ግን የሚስብ ነፋስ የለም። እንግዲህ ቱቦው ሥራውን የሚያቆመው ሞተሩ አብዝቶ በሚተነፍስበት ሰዓት፣ ማለትም በአንደኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ነው። ከጋዙ ጋር የወጣው ዘይት ደግሞ መንገዱ ላይ ይንጠባጠባል።

ሌላው ጣጣ ውኃ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ላየ ሰው፣ አፉን ወደ ታች የደፋ ቱቦ ምን እንደሚገጥመው መገመት አይቸግርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዝ የሚሻገሩ ታንኮችን ያሳሰበውም ይኸው ነበር። ውኃ እንዳይገባ ቱቦው ተዘጋና ትንፋሹ ሞተሩ አየር ወደሚስብበት መስመር ተመለሰ። ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ተዘንግቶ ቆየ፤ ያስታወሰው የሎስ አንጀለስ የጭስ ጉም ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በካሊፎርኒያ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ትንፋሹን ወደ ሞተሩ የሚመልስ መሣሪያ ተገጠመላቸው፤ ሌላውም ዓለም ተከተለ። ጎዳናው ዳነ፤ ሞተሩ ግን የራሱን ዘይት የቀላቀለ ጭስ መልሶ ይጠጣ ጀመር።

የወረታ መገንጠያ ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቤጂንግን ጎብኝተው የትብብር ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። መንገዱን ቻይናውያን በደርግ ዘመን ሠሩት፤ እስከ አሁንም «ቻይና መንገድ» ይባላል። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ዳገት ንጉሥ የፊያት 682 ነበር፤ ለሹፌሩም ለረዳቱም ኤንትሬ ብቻ። ቱርቦ የሌለው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ ግን የማይለግም ናፍጣ። በኋላ አይሱዙ ኤንፒአር መጣ፤ በአበራሩ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል እስከ ማትረፍ ደረሰ። መኪናው ቢቀያየርም ምርመራው አንድ ነው። ሞተሩ እየሠራ መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ይፈታና ገልብጦ አፉ ላይ ያስቀምጠዋል። ክዳኑ እዚያው ከተረጋጋ ደኅና፤ ከዘለለና ጭስ ከተከተለው ፋሻው አልቋል።

ፎገራ ግን ሞተርን የሚያውቀው በመንገድ ብቻ አይደለም። በከብት ዝርያው የታወቀውን ረግረግ ሜዳ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከሩዝ ጋር አስተዋወቁት። በጅግና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የተጀመረው ሙከራ «ኤክስ ጅግና» በሚባለው ዝርያ ስሙን ትቶ አልፏል፤ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ነው። ሩዝ ሲመጣ መፈልፈያው ተከተለ። ሽንኩርት በመስኖ ሲለመድ ደግሞ ከጉማራና ከርብ ውኃ የሚስቡ ትናንሽ የውኃ ፓምፖች ሜዳውን ሞሉት።

እነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ናቸው የትንፋሽን ነገር ቁልጭ አድርገው የሚያሳዩት። በቤንዚን የሚሠራው ባለ አንድ ሲሊንደር ፓምፕ ትንፋሹን በአጭር ጎማ ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ይልካል። ፓምፑን ተሸክሞ ወንዝ ዳር የወረደ ሰው በጎኑ ካጋደመው ወይም ዘይቱን ከልክ በላይ ከሞላው፣ ዘይቱ በዚያው ጎማ ሾልኮ ማጣሪያውን ያርሰዋል። በራሰው ማጣሪያ ላይ አቧራ ይለጠፋል፤ ሞተሩ አየር ሲያጥረው ባለቤቱ ማጣሪያውን አውልቆ ይጥለዋል። የዚህ አገር አቧራ ደግሞ የዋዛ አይደለም። የሩዝ ገለፈት ተቃጥሎ ከሚተርፈው አመድ ከመቶ 85 እስከ 95 ያህሉ ሲሊካ ነው፤ አሸዋ የተሠራበት ማዕድን ማለት ነው። መፈልፈያ አጠገብ ማጣሪያ ሳይኖረው የሚነሣ ሞተር ፋሻውንና ሲሊንደሩን እያሸ ይጨርሳል፤ ፋሻው በሳሳ ቁጥር ትንፋሹ ይበዛል፤ ትንፋሹ በበዛ ቁጥር ዘይቱ ይወጣል።

ዘይት ማቆሪያ ጣሳ ለዚህ ዙሪያ ጥምጥም የተገኘ ዘግየት ያለ መላ ነው። ቀድሞ የተለመደው በእሽቅድምድም መኪኖች ሲሆን ምክንያቱም ሌላ ነው፤ ዘይት መሮጫው ላይ ከፈሰሰ ተከታዩ ይንሸራተታል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ ትንፋሹን ወደ ውጭ ለሚያወጣ ሞተር እስከ 2,000 ሲሲ ድረስ 2 ሊትር፣ ከዚያ በላይ 3 ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡም የሚታይ ጣሳ ያዛል። ከዚያ ወዲህ ባለ ቱርቦ ናፍጣ መኪና ያላቸው ሰዎች ወሰዱት።

አሠራሩ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ጣሳው በሞተሩ ክዳንና በአየር መሳቢያው መካከል፣ ከጭስ ማውጫው ሙቀት ርቆ ይታሠራል። ትንፋሹ ገብቶ ከሽቦ ጭረት ወይም ከግድግዳ ጋር ሲላተም ዘይቱ ቀዝቅዞ ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ ጋዙ ብቻውን ያልፋል። ጎማው ዘይት የሚችልና ሲሳብ የማይጨፈለቅ መሆን አለበት፤ መሐል ላይ ከረገበ ውኃ ይቋጥራል። ከሁሉ የከፋው መስመሩን ዘግቶ ማሠር ነው። መውጫ ያጣ ትንፋሽ በክራንኩ ጫፍ ያለውን የዘይት መከላከያ ይገፋና አንድ ጠብታ ለማዳን የታሰበው ሥራ ሞተሩን ያለ ዘይት ያስቀራል። ያለቀ ፋሻ ያለው ሞተር ላይ ጣሳ ማሠርም ብልኃት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ጣሳው ቶሎ ቶሎ ይሞላል እንጂ ፋሻ አይቀይርም። ለፎገራ ፓምፕ ከጣሳ ይልቅ ንጹሕ ማጣሪያና ቀጥ ያለ መቀመጫ ይበጀዋል።

ጣሳው ሲፈታ የሚወጣው ነገር እንደየቦታው ይለያያል። ሞቃት በሆነው ሜዳ ጥቁር ዘይት ነው። የጉናን ብርድ ያደረ መኪና ላይ ግን እርጥበቱ ከዘይቱ ጋር ተመትቶ ማኪያቶ መስሎ ይወጣል። ውኃና ያልነደደ ነዳጅ ስላለበት፣ ተጣርቶ እንኳ ቢሆን ወደ ሞተሩ መመለስ የለበትም። የተቃጠለ ዘይት በአገራችን የሚጣል ነገር አይደለም፤ የአጥር ግንድ ከምስጥ እንዲጠበቅ ይቀባበታል። ቦይ ውስጥ የደፉት ግን በጉማራ ወይም በርብ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ሐይቅ ነው። ፎገራ፣ ወንዙ ሲነጥፍበት፣ ለሽንኩርቱ ውኃ የሚስበውም ከዚያው ነው።